ዋግምት ፍለጋ ወደ ዱርንፎንቴን

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ካትሌሆንግ

ሱቄን ዘግቼ ስወጣ ገና አልነጋም። የሰኔ ብርድ እዚህ ደቡብ አፍሪካ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። በየግቢው በቆርቆሮ የተቀጣጠለው የከሰል ጭስ ከመሬት አልነሳ ብሎ መንገዱ ላይ ተኝቷል። የሱቁ በር ሦስት ቁልፍ አለው። ሁለቱን ቆለፍኩና የላይኛው ላይ ቀኝ እጄ አልነሳ አለኝ። የግቢው ባለቤት፣ ሁሉም ጎጎ፣ አያቴ፣ የሚላት ኖምሳ፣ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ወጥታ ቆለፈችልኝ። ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ፤ ጀርባዬን ስላመመኝ ከተማ እወጣለሁ አልኳት። «ሃምባ ካህሌ» ብላ ሸኘችኝ፤ በደህና ሂጂ ማለቷ ነው።

ብርቅነሽ እባላለሁ፤ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። እዚህ ሱቅ ከከፈትኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ፊት ለፊቱ መሸጫ ነው፣ ከመደርደሪያው ጀርባ አልጋዬና አንዲት የጋዝ ምድጃ አሉ። ከደንበኞቼ ጋር የምንገናኘው በብረት ፍርግርግ ነው። ገንዘብ በቀዳዳው ይገባል፣ ዳቦና ወተት በቀዳዳው ይወጣል። እስከ ፋሲካ ድረስ የአክስቴ ልጅ ማርታ አብራኝ ትኖር ነበር፤ አግብታ ደርባን ገባች። ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ «ሳውቦና፣ ሳውቦና» እያልኩ በዙሉኛ ሰላምታ ስሰጥ እውላለሁ፤ ሲመሽ ግን በአማርኛም ሆነ በሀዲይሳ የማናግረው ሰው የለም።

ሕመሙ የጀመረኝ ከአምስት ቀን በፊት ነው። ከቀኝ ትከሻዬ በታች ፍም የተቀመጠብኝ ያህል ያቃጥለኛል። ብርድ የመታኝ መሰለኝ። ቅባት ገዝቼ እጄ እስከደረሰበት ቀባሁ፤ የሚያመኝ ግን እጄ የማይደርስበት ቦታ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት እህት በስልክ ስነግራት፣ ዱርንፎንቴን ውስጥ ዋግምት የምታደርግ የስልጤ ሴት እንዳለች ጠቆመችኝ። ሙስሊሞቹ ሂጃማ የሚሉት ነው። ልጅ ሳለሁ የሆሳዕና ገበያ ዳር አንድ ሽማግሌ በቀንድ ሲያግሙ አይቻለሁ። ቀንዱን ሰው ጀርባ ላይ ደፍተው በአፋቸው አየሩን ይስቡና ቀዳዳውን በሰም ይደፍኑታል። የማውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር። ሴትየዋ ጋ ስደውል፣ ከመምጣትሽ በፊት ለሦስት ሰዓት ያህል ምግብ አትብዪ፣ ውሃ ግን ጠጪ፣ ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ሸሚዝ ልበሺ አሉኝ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ ጀርሚስተን

ታክሲው አሥራ አምስት ሰው ጭኗል። ከኋላ ያሉት ሒሳባቸውን ለፊተኞቹ ያቀብላሉ፣ መልሱም በዚያው መንገድ በሰው እጅ ተላልፎ ይመለሳል። እኔ የወንበሩን መደገፊያ ላለመንካት ወደፊት አዘንብዬ ተቀምጫለሁ። መኪናው በዘለለ ቁጥር ሸሚዜ ጀርባዬን ሲነካው ትንፋሼ ይቆረጣል። ጎኔ ያለችው ሴት አንገቷን እስክትሰብር ተኝታ ጭንቅላቷ ትከሻዬ ላይ አረፈ። በግራ በኩል ስለነበረች ተውኳት።

ጀርሚስተን መናኸሪያ ላይ ሴቶች በትልልቅ ድስት ማግዊንያ ይጠብሳሉ፤ እንደ ቦምቦሊኖ ያለ ነው፣ ሁለት ራንድ። መግዛት አምሮኝ ነበር፤ ግን አትብዪ ተብያለሁ። ወደ ጆሃንስበርግ የሚሄደውን ታክሲ ያዝኩ። ከአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ ድሮ ከወርቅ ጉድጓድ የወጣው ቢጫ አፈር ተራራ ሠርቶ ቆሟል፤ ፀሐይ አሁን ገና አናቱን ነካችው። ሾፌሩ በመስተዋቱ ሲያየኝ ቆይቶ አሞሽ ነው ወይ አለኝ። ጀርባዬን አልኩት። ከዚያ በኋላ ጉድጓድ ሲያይ ቀስ ይል ጀመር።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ዱርንፎንቴን

የድሮ ፋብሪካ ነው፤ አሁን በኮምፔርሳቶ ተከፋፍሎ ሰው ይኖርበታል። ሊፍቱ አይሠራም። አንደኛው ፎቅ ላይ የስፌት መኪናዎች ይንጫጫሉ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ ሰው በአማርኛ ስለ ብርድ ልብስ ጭነት በስልክ ይጮሃል። ሦስተኛው ፎቅ ዝም ያለ ነው።

እትዬ ዘሃራ ሃምሳዎቹን ያለፉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ከወራቤ አቅራቢያ ካለ ገጠር ነው የመጡት፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ክፍላቸው ጠባብ ቢሆንም ንጹሕ ነው፤ ግድግዳው ነጭ፣ አልጋው ፊት ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው፣ ጠረጴዛው ላይ በቀንድ ፈንታ በላስቲክ የታሸጉ ኩባያዎች ተደርድረዋል።

ወዲያው ወደ ሥራ አልገቡም። ጠየቁኝ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስጃለሽ? ስኳር አለብሽ? የደም ማነስስ? እርጉዝ ነሽ? የደም ግፊቴን ለኩ። ከዚያ ሸሚዜን አውልቄ ጀርባዬን እንዳሳያቸው ነገሩኝና ከኋላዬ ቆሙ። መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይሄን ማን አየልሽ?»

«ማንም።»

ስልኬን ተቀብለው ፎቶ አነሱና አሳዩኝ። ከአከርካሪዬ ተነስቶ ወደ ቀኝ ጎኔ የሚዞር ቀይ መቀነት ነበር፤ በላዩ ላይ ውሃ የቋጠሩ ብጉሮች ተሰድረዋል። የራሴ ጀርባ መሆኑን ያመንኩት ከአንገቴ ሥር ያለችውን የልደት ምልክት ሳይ ነው። ቤቴ ያለው መስተዋት ከፊት አያልፍም።

«አልማዝ ባለጭራ ነው» አሉኝ። «ዋግምት አይነካውም። ዛሬውኑ ሐኪም ማየት አለበት።»

ሱቄን ዘግቼ ከሩቅ ነው የመጣሁት፣ ቢያንስ በግራ በኩል ያድርጉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸውም ተቆጡ።

«ሰውነትሽ እየታገለ ነው፤ ሌላ ሥራ አንጨምርበትም። እንዲህ በቆሰለ ቆዳ ላይ ኩባያ እደፋለሁ የሚል ከገጠመሽ ጥለሽው ውጪ።»

ሸሚዜን እሳቸው አለበሱኝ፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እስከ አንገቴ ዘጉልኝ። ፔፐሬ፣ የስደተኛ ፈቃድ ወረቀቴ፣ እድሳት ላይ እንደሆነ፣ የመንግሥት ክሊኒክ በር ላይ የሚቆሙ ሰዎች የውጭ አገር ሰው ሲያዩ እንደሚመልሱ ሰምቼ እንደምፈራ ነገርኳቸው። ነጠላ ደርበው በራቸውን ቆለፉና ሁለት መንገድ ተሻግሮ ወደሚገኝ የግል ሐኪም ወሰዱኝ። ደንበኛ ስለሚጠብቃቸው በሩ ላይ ተለያየን።

ሐኪሙ ኮንጎያዊ ነው፤ ቀስ ብሎ በእንግሊዝኛ ያስረዳል። ልጅ ሳለሁ የያዘኝ ጉድፍ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ኖሮ አሁን ነው የተነሳው። የሰባት ቀን ክኒን አዘዘልኝ። ከዚያ ወረቀቱን ሲጽፍ ቆይቶ፣ በእኔ ዕድሜ ይህ በሽታ ሲወጣ የኤችአይቪ ምርመራም ማድረግ ይመከራል፣ ትፈቅጃለሽ ወይ አለኝ። ፈቀድኩ።

ውጤቱ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከአራት ዓመት በፊት ሌላ ሴት ይዞ ኬፕታውን የሄደው ባሌ ትዝ አለኝ። ከሄደ በኋላ ተመርምሬ አላውቅም፤ ሥራ በዝቶብኛል፣ ነገ እሄዳለሁ፣ ሳምንት እሄዳለሁ ስል አራት ዓመት አለፈ። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ የወለሉን ንጣፍ አየሁ። ለማርታ ልደውል ስልኬን አወጣሁና ምን እላታለሁ ብዬ መለስኩት።

ሐኪሙ ጠራኝና ኔጌቲቭ ነው አለኝ። አመስግኜ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ሰው ግር ብሎ ያልፋል፤ ካልሲ የሚሸጥ፣ በቆሎ የሚጠብስ፣ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ የሚሮጥ። ግድግዳው ጥግ ቆምኩ። ደስታዬን የምነግረው ሰው ባይ ባይ አጣሁ። መድኃኒቴን በላስቲክ ይዤ ታክሲ ገባሁ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ አጋማሽ፤ እንደገና ዱርንፎንቴን

ስድስት ሳምንት ሙሉ ጀርባዬን ለሁለት መስተዋት ሳሳይ ከረምኩ፤ አንዱን ከግድግዳ ሰቅዬ ሌላውን በእጄ ይዤ። ብጉሮቹ ደርቀው ረገፉ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ቀረ። ሐኪሙ ቆዳዬ መዳኑን አይቶ፣ ዋግምት ከፈለግሽ አሁን ችግር የለም ብሎኛል። ሕመሙን ስሸሽ ጎብጬ በመክረሜ አንገቴና ትከሻዬ እንጨት ሆነዋል። የነሐሴ ነፋስ የማዕድን አፈሩን እያነሳ ከተማውን ሁሉ ቢጫ አልብሶታል።

እትዬ ዘሃራ ያንኑ ጥያቄ ከመጀመሪያው እንደገና ጠየቁኝ፣ ግፊቴንም እንደገና ለኩ። ሁለት ዓይነት እንደሆነ አስረዱኝ። በደረቁ የሚደረገው ኩባያው ቆዳውን ብቻ ይስባል። ሌላው ቆዳውን በትንሹ በምላጭ ጫር ጫር አድርጎ ጥቂት ደም ማውጣት ነው፤ ምላጩም ኩባያውም አንዴ ተሠርቶባቸው ይጣላሉ። እኔ ደረቁን መረጥኩ። ስኳርን ያድናል፣ መካንን ያስወልዳል የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን እንደዚያ አልልሽም አሉኝ። ለተያዘ ጡንቻ ግን ብዙ ሰው ቀለለኝ ብሎ ሲወጣ አይተዋል።

በደረቴ ተኛሁና ፊቴን ቀዳዳው ውስጥ አደረግሁ። የሚታየኝ ወለሉና የእሳቸው ነጠላ ጫማ ነው። የወይራ ዘይት ቀቡኝ። እያንዳንዱን ነገር ከማድረጋቸው በፊት ይነግሩኛል።

«ከበዛብሽ በይኝ። እዚህ ጀግና መሆን አያስፈልግም።»

የመጀመሪያው ኩባያ ትከሻዬ ላይ ተደፋ፤ በእጅ የሚሳበው ፓምፕ ሁለት ጊዜ ጮኸ፣ ሥጋዬ ተሰብስቦ ወደ ኩባያው ውስጥ ገባ። ቁንጥጫ አይደለም፣ ቃጠሎም አይደለም፤ ሰው ቆዳዬን በሙሉ መዳፉ ጨብጦ ወደ ላይ የያዘው ያህል ነው። ሰባት ኩባያ ደፉ፤ ነጠብጣቡ ወዳለበት አልቀረቡም። የመጀመሪያው ደቂቃ ያስጨንቃል። ከዚያ ሙቀት ይመጣል፣ ከሙቀቱ በኋላ ክብደት፣ ከክብደቱ በኋላ አንገቴ ሳላዝዘው ተፈታ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆየ። ሲያነሷቸው አየር ፉት የሚል ድምፅ ያሰማል። ክቡ ምልክት ለሳምንት ወይም ለአሥር ቀን ይቆያል፣ አትደንግጪ፤ ዛሬ ሙቅ ሻወር አትግቢ፣ ብርድ አይምታሽ፣ ውሃ ጠጪ አሉኝ።

ዘይቱን ከጠረጉልኝ በኋላ መዳፋቸውን ትከሻዎቼ መካከል አሳርፈው ትንሽ ቆዩ። ከማርታ ወዲህ የሰው እጅ እንዲህ ነክቶኝ አያውቅም። እንባዬ በቀዳዳው በኩል ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። ነጠላ ጫማቸው ሄደ፣ ተመለሰ፤ ከአልጋው ሥር እጃቸው ሶፍት ይዞ ብቅ አለ።

ልብሴን ለብሼ ልሰናበታቸው ስል መስኮቱ ጋ ቆመው መነጽራቸውን ሲጠርጉ ቆዩ። ትቸኩያለሽ ወይ አሉኝ። አልቸኩልም አልኩ።

«ለኔም አድርጊልኝ» አሉ። «እህቴ ነበረች የምታደርግልኝ፤ አገር ቤት ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። እግሬን ራሴ አደርገዋለሁ። ጀርባዬን ግን እጄ አይደርስበትም።»

እጄን ታጠብኩ። እንዴት ዘይት እንደሚቀባ፣ ፓምፑ ስንት ጊዜ እንደሚሳብ፣ አከርካሪ ላይ እንደማይደፋ አሳዩኝና ተኙ። የመጀመሪያው ኩባያ አልያዘም፤ ተንሸራቶ ወደቀና ሁለታችንም ሳቅን። ከግራ ትከሻቸው እስከ ወገባቸው የሚወርድ ረጅም የስለት ጠባሳ ነበራቸው። ጣቴ ጫፉ ላይ ሲቆም ተሰማቸው።

«ዲፕስሉት ሰፈር ሱቅ ሳለኝ ሰብረው የገቡ ሰዎች ናቸው» አሉ። «ከዚያ ወዲህ ነው ሱቅ የተውኩት።»

ኩባያዎቹን ከጠባሳው አራቅኳቸው። አሥር ደቂቃው እስኪሞላ ስለ እህታቸው አወሩልኝ፤ አብረው ሲኖሩ በሬዲዮ ድምፅ ሳይቀር ይጣሉ እንደነበር ነገሩኝ። ኩባያዎቹን አንስቼ ስጨርስ የስልኬን መብራት ጀርባቸው ላይ አበራሁና ከአንገታቸው ጀምሬ እስከ ወገባቸው በደንብ አየሁት።

«እትዬ፣ ከጠባሳው በስተቀር ምንም የለብዎትም። ንጹሕ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ፊታቸው ገና ቀዳዳው ውስጥ እንዳለ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ጀርባዬን አይተሽ ደግሞ አንቱ አትበይኝ።»

ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል፤ ካትሌሆንግ

ነፋሱ አልበረደም። ጀርሚስተን ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ በሰው መሐል ተጣብቤ ቆሜ ነበር። ታክሲው ውስጥ መደገፊያውን ተደግፌ መጣሁ። ክቦቹ በሸሚዜ ሥር ይሞቁኛል።

ሱቁን ስከፍት ሦስት ሰዎች በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። መብራቱን አበራሁ፣ ዳቦ ሰጠሁ፣ ለአንዲት ሴት ስኳር እየመዘንኩ ሳለ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ከዘሃራ ነው። አንዲት ቃል ብቻ ናት።

«ገባሽ?»

ሚዛኑን አስቀመጥኩ። ሴትየዋ ከፍርግርጉ ማዶ ትጠብቀኛለች። ይቅርታ ማማ፣ አንድ ጊዜ አልኳትና ጻፍኩ።

«ገባሁ። አንቺስ አረፍሽ?»