የአባባ ክፍሌ ዓርብ

እናቴ ለሥራ ዐረብ አገር ስትሄድ ገና ልጅ ስለነበርኩ አንኮበር፣ አክስቴ ዘንድ ቀረሁ። ያኔ አክስቴ ከገበያ እስክትመለስ ብቻዬን ስቀመጥ፣ ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤታችን የአባባ ክፍሌ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ከመንገድ ሥራ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ደጅ መውጣት ትተው የሚያወሩት ከእሷው ጋር ነበር፤ «ብርዱ ጠና እኮ፣ ጋቢውን ደርቢበት» ይላሉ።

አንድ ቀን መምህራችን ቤታቸው ድረስ ሄዳ፣ ዓርብ ዓርብ ተረት እንዲነግሩን ለመነቻቸው። መጡ። ጉሙ ክፍላችን ድረስ ገብቶ፣ የከሰሉ ምድጃ መሀላችን ቀልቶ፣ የጅቡንና የአህያዋን ተረት ጀመሩና መሀል ላይ አቆሙ።

«ጠፋኝ፣ ልጆቼ።»

«በሚመጣው ዓርብ ይጨርሱልናላ» አለች መምህራችን። እኛም «እሺ በሉ፣ አባባ!» ብለን ጮኽን።

ያን ሳምንት ከግድግዳው ወዲያ የሰማሁት ጅቡን ነው፤ አንዴ በወፍራም፣ አንዴ በቀጭን ድምፅ እየሞከሩ ሲለማመዱ።

ከዚያ በኋላ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ቁልቁለቱን ብቻቸውን ወርደው ይመጡ ጀመር። የሁላችንንም ስም ያዙ፤ የታመመ ልጅ ካለ ቤቱ ሄደው ይጠይቃሉ። አክስቴ «እህል መቅመስ ጀመሩ እኮ! ደም ግፊታቸውም ረገብ አለላቸው» እያለች ትገረም ነበር። ልጃቸው አዲስ አበባ ሊወስዳቸው ሲመጣም «ዓርብ ትምህርት ቤት አለብኝ» ብለው መለሱት።

ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ግን እንቢ የሚሉበት ምክንያት አጡና ሄዱ። መስከረም ላይ ብንጠብቃቸው አልመጡም። ጉልበታቸውን ስላመማቸው ከልጃቸው ፎቅ መውረድ እንዳቃታቸው አክስቴ ነገረችኝ። አንድ አመሻሽ ደወሉና እኔን አስጠሩኝ።

«ትምህርት ቤት ተከፈተ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ማን ይነግራችኋል ታዲያ?»

«ማንም።»

እዚያ ቤት የሌላ ሰው ኮሽታ እንኳ አይሰማም። «በይ ቁጭ በይ» አሉኝና ተረት ጀመሩልኝ። ሲጀምሩ የሕመምተኛ ድምፅ ነበር፤ እየቆየ ሞቀ፣ ጎላ፣ መጨረሻ ላይማ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት።

ከዚያ ወዲህ አልሰማኋቸውም። ዛሬ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። ያን ምሽት የነገሩኝ ተረት የትኛው እንደነበረ እንኳ ረስቼዋለሁ። አብረውኝ የቀሩት፣ አንዲት ልጅ ስላዳመጠቻቸው ብቻ እንደዚያ የበረቱት ሰውዬ ናቸው።