መርዳሳ ማማውን ያላየበት ቀን

መርዳሳን የማያውቅ የአዳማ ሰው ካለ ማንበብ የማይችል መሆን አለበት። የሻይ ቤቱን፣ የጸጉር ቤቱን፣ የልብስ ሰፊውን ማስታወቂያ የጻፈው እሱ ነው። ሞጆ የሚያድሩ የጭነት መኪናዎች በር ላይ ያሉትን አንበሶችም የሳለው እሱ ነው፤ ሁሉም አንበሶች ጎረቤቱን ጋሽ ጉደታን ይመስላሉ።

በ1978 ዓ.ም. ሥዕል እንዲማር ወደ ቡልጋሪያ ሲላክ ሰፈሩ በግ አርዶ ሸኘው። እኔ ኑሬ፣ የሞጆ ልጅ፣ እዚያው ሶፊያ የእንስሳት ሕክምና ስማር ቆይቼ ስለነበር ቋንቋው ገብቶኛል። ስለዚህ አስተርጓሚው ሆንኩ። የሾመኝ ራሱ መርዳሳ ነው፤ ፈቃዴን የጠየቀኝ የለም።

በግንቦት ወር፣ አንድ እሑድ ቀን የሥዕል መምህርቷ ክፍሉን ይዛ ተራራ ወጣች፤ እኔም ተጎትቼ ሄድኩ። በዚያ ቀን ሥዕል ማን በሥዕል ትምህርት እንደሚቀጥል፣ ማን ወደ ሸክላ ሥራ እንደሚዛወር ይወሰናል። መርዳሳ "በግ የታረደልኝ ሰውዬ ድስት ልሠራ ነው?" እያለ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ ሰነበተ።

የሚሳለው ሽርሽር ላይ ነው ብዬ ነገርኩት። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ አዳማ ላይ ለሽርሽር የሚኬደው ሶደሬ ፍል ውሃ፣ ለዋና ነው። ሰውየው የዋና ቁምጣና ፎጣ ይዞ፣ በነጠላ ጫማ ከች አለ። በረዶው ገና ሟሙቶ ባላለቀ ተራራ ላይ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ሽቅብ ሲያዘግም ቡልጋሪያውያኑ የአገሩ የባህል ልብስ መስሏቸው አደነቁለት።

ላይ እንደደረስን መምህርቷ ወደ ቴሌቪዥን ማማው አመለከተችና "ይህን ከነተራራው ሳሉ" አለች። ማማው ከከተማው ሁሉ የሚታይ ግዙፍ ነገር ነው። መርዳሳ ብሩሹን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

"ኦቦሌሳ" አለኝ በሹክሹክታ፤ ሲጨንቀው ወንድሜ የሚለኝ በኦሮምኛ ነው። "ይሄን ልንስል? በቀን? በሰው ፊት?"

"ምን ችግር አለው?"

"የአዋሽን ድልድይ ስስል ጥበቃው ሰላይ ነህ ብሎ ይዞኝ ፖሊስ ጣቢያ ማደሬን ረሳኸው? ድልድይ እንደዚያ ካደረገኝ ማማ ምን ሊያደርገኝ ነው?"

አገሩ ሌላ ነው ብለው ሊሰማኝ ነው? ጀርባውን ሰጥቶኝ መሳል ጀመረ።

ወደ ማታ ላይ መምህርቷ ሥዕሎቹን እየዞረች አይታ መርዳሳ ጋ ደረሰች። ተራራው፣ ጥዱ፣ ድንጋዩ ሁሉ አለ።

"ማማው የታለ?"

"አላየሁትም በላት" አለኝ።

ምን ላድርግ፣ ተረጎምኩ። ሴትዮዋ ማማውን አየች፣ ከዚያ የመርዳሳን ዓይን። "ይህ ያልታየው ሰው ሥዕል ሊማር አይችልም" አለች። ብትቆጣ ይሻል ነበር፤ እሷ ግን አዘነችለት።

መርዳሳ ፊቱ አመድ መሰለ። አንጀቴን በላው። ሳላስፈቅደው ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ድልድዩን፣ ጥበቃውን፣ ጣቢያውን። "አዋሽ" የሚለውን ስም ከአፌ ሲሰማ ክንዴን ቆንጥጦ ሊበጥሰው ምንም አልቀረው።

መምህርቷ ሥዕሉን እንደገና አየች። ደመናው ማማው ያለበት ቦታ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። መርዳሳ ማማውን ባይስለውም፣ ደመናውን በላዩ ላይ ለማሳለፍ ደግሞ እጁ እምቢ ብሎታል።

"አይቶታል" አለች። "ከእኔ ጋር ይቀጥላል።"

ይህን ስነግረው ያ ሁሉ ጎረምሳ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ፊቱን በፎጣው እየጠረገ "እንዴት ገባት? ጠይቃት" አለኝ።

ጠየቅኳት።

ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እኔም የማልስላቸው ነገሮች አሉ" አለችና ማን እንደሰማት ለማየት ግራና ቀኝ ቃኘች።

መርዳሳ እስክተረጉምለት አልጠበቀም። እሱም ግራና ቀኝ ቃኘ። እኔም።