ማሽኗን በእጁ የሚያስነሳት ሰው

በፎቅ የተቀመጣችሁ፣ በወረፋ የቆማችሁ፣ በወንበራችሁ ላይ ያንቀላፋችሁ ሁሉ ይህን እወቁ! የልደት መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ጌታ፣ የሁለት ሶኬቶች አዛዥ፣ የአንድ ቬንቲሌተር ባለቤት የሆኑት ክቡር አቶ ልሞክረው ዛሬ ከግዛታቸው ሊባረሩ ነው። መለከት አልተነፋም፤ የተነፋ ነገር ቢኖር የሥራ አስኪያጁ ጉንጭ ብቻ ነው።

ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። የተበላሸ ነገር ባየ ቁጥር «እስቲ ልሞክረው» ማለት ይወዳል። የአማቱን ሬዲዮ «ለምን ይሆን የሚያፏጨው?» ብሎ ከፈታው ወዲህ ሬዲዮው ማፏጨቱን ትቷል፤ ማውራቱንም ጭምር። አማቱም እንደዚያው።

ሥራው መዝገቡን የምታቀርበውን ማሽን መጠበቅ ነው። ማሽኗ የራሷ ዲስክ የላትም፤ መዝገቡም ፕሮግራሙም ያሉት ከግቢው ማዶ ባለው ሕንፃ ነው፤ የምታገኛቸው በኬብል ነው። ስለዚህ ስትነሳ ከሁሉ በፊት ኔትወርኳ መነሳት አለበት። የዚያን ቀን ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመለስ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረች። ጥቁር ስክሪን፣ ብልጭ ድርግም የምትል ጭረት፣ በቃ።

ላይ ፎቅ ወረፋው ደረጃውን ይዟል። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ፊትሽ ቆሜ እያየሽኝ አልተወለዱም ትይኛለሽ?» አሉ።

«ተወልደዋል አባባ» አለች ጸሐፊዋ፤ «ኮምፒውተሩ ነው ያልሰማው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ምድር ቤት ወረደ። በሰባት ዓመት ውስጥ ሲወርድ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ዕለት ሽንት ቤት መስሎት ነበር።

«እስከ ምሳ ካልተነሳች ሥራውን ለግል ድርጅት እሰጣለሁ። አንተ ዕቃ ግምጃ ቤት ትገባለህ። ደብዳቤው ተጽፏል፤ የቀረው ፊርማ ነው።»

«እሱስ ይሁን ጌታዬ፤ ግን ኬብሉ ደህና ሆኖ ሳለ የማትሰማው ለምን ይመስልዎታል?»

«እኔን ነው የምትጠይቀው?»

ልሞክረው ዕቃ ግምጃ ቤቱን ይፈራል፤ እዚያ የሚፈታ ነገር የለም፣ የሚደረደር እንጂ። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን የከነከነው ሌላ ነበር፦ ገና ያልነቃች ማሽን ምን ምን ታውቃለች?

ብዙ አታውቅም። በዚያ ሰዓት ያሏት በእጅ የሚጻፉ ጥቂት ትእዛዞች ናቸው። ሁለት የኔትወርክ ካርዶች አሏት፤ ዜሮ እና አንድ ይባላሉ። ዜሮ የትኛዋ እንደሆነች እንዳይረሳ ከኋላዋ በሚስቱ የጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አድርጎባታል (ሚስትዮዋ አልተጠየቀችም)። ኬብሉም የተሰካው እዚያው ቀዩ ነጥብ ላይ ነው። ስለዚህ ዜሮን «ተነሺ» አላት፣ አድራሻ ሰጣት፣ መንገድ አሳያት፣ ማዶ ያለውን ዲስክ ጠራ። ዝም። ደግሞ ጠራ። ዝም።

ከእሱ በፊት የነበረው ባለሙያ ቢሆን በጥፊ ይላት ነበር። ያ ባለሙያ ዛሬ አማካሪ ነው።

ልሞክረው ግን ሁለቱንም ካርዶች አስነሳና «ከሁለታችሁ ኬብል የተሰካባት ማናት?» ብሎ በየተራ ጠየቀ። ዜሮ «የለኝም» አለች። አንድ «አለኝ» አለች። ኬብሉን ነቀለ፤ አንድ «የለኝም» አለች። መልሶ ሰካ፤ «አለኝ»። ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ለካ ማሽኗ ለካርዶቿ ቋሚ ስም የምትሰጠው በደንብ ከነቃች በኋላ ኖሯል! በእንቅልፍ ልቧ ግን ቀድማ ያገኘቻትን ዜሮ፣ የዘገየችውን አንድ ብላ ታልፋለች። ቀዩ ነጥብ የያዘው ማሽኗ ከነቃች በኋላ የምትሰጠውን ስም ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ወትሮ ቀድማ የምትገኘው ባለ ቀይ ነጥቧ ካርድ ዘግይታለች።

አድራሻውን ከዜሮ ነጥቆ ለአንድ ሰጠ። ስክሪኑ ጽሑፍ በጽሑፍ ሆነ። ጸሐፊዋ ከደረጃው ላይ «ጋሼ! ሰዎቹ መወለድ ጀመሩ!» ብላ ጮኸች።

እዚህ ላይ ብልጥ ሰው እጁን ታጥቦ ይቀመጣል። መብራት በሄደ ቁጥር እሱ ብቻ የሚያስነሳት ማሽን ያለችውን ሰው ማን ይነካዋል? ልሞክረውም ይህ አልጠፋውም። ለአፍታ ያህል እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ተቀመጠ። ከዚያ ከነከነው፦ ካርዷን በስሟ ሳይሆን ከፋብሪካ ይዛው በመጣችው ቁጥር እንድትለይ ቢጽፍላት፣ ብቻዋን ትነሳ ይሆን?

ጻፈላት። አጥፍቶ አበራት፤ ላይ ያሉትም ለአምስት ደቂቃ እንደገና ሳይወለዱ ቆዩ። ማሽኗ ማንም ሳይነካት ተነሳች። ልሞክረው እንደ ሕፃን ሳቀ።

ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። «ብቻዋን ነው እንዴ የተነሳችው?»

«ብቻዋን! ከዛሬ ጀምሮ መብራት ቢሄድም ባይሄድም...»

«ታዲያ አንተ ምን ትሠራለህ?» አለና ደብዳቤውን ሊፈርም ከደረት ኪሱ እስክሪብቶውን መዘዘ።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም መቼም ተወልደሃል፤ ወረቀትህም በዚያ ቤት አልፏል። እንግዲያው ላስቸግርህ፦ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሳይነካ ምድር ቤት ድረስ ውረድና፣ ሥራ አስኪያጁን እሳቸው ራሳቸው ጠዋቱን ሙሉ ምን ሲሠሩ እንደዋሉ ጠይቅልኝ፤ መልስ ከሰጡህ ደግሞ ያን ጊዜ ይፈርሙ።