ባሮ ዳር የተከራየነው ቤት

ያ ቤት ሚስቴን አስከፈለኝ፤ የወር ኪራዩን ሳልጨምር ነው።

ያኔ የጋምቤላን የንግድ ሰፈር ሱዳንን የሚገዙት እንግሊዞች ነበሩ የሚያስተዳድሩት። ከመቱ ተነስተህ በጎሬና በቡሬ አድርገህ ቁልቁል ስትወርድ፣ በገዛ አገርህ መሬት ላይ ሰው አገር ትገባለህ፤ ባንዲራው ሌላ፣ ፖሊሱ ሌላ። ቡና የሚጭነው መርከብ የሚመጣው በክረምት፣ ባሮ ሲሞላ ነው። ቀድሞ ቤት የያዘ ቀድሞ ይጭናል ብዬ በበጋ ወረድኩ። ሚስቴም ቆላ ላይ ብቻዬን ሆኜ ምን ልበላ እንደሆነ ጠይቃ፣ መልሱን ሳትጠብቅ ጓዟን ሸከፈች።

የመቱ ሰው ቤት ሲያይ አንገቱን ወደ ላይ ነው የሚያቀናው። ዝናብ የማይለየው አገር ስለሆነ፣ ጣሪያው ካላፈሰሰ ቤቱ ቤት ነው። እኔም በሩን አስዘግቼ ጨለማው ውስጥ ቆምኩና በቆርቆሮው የሚገባ ብርሃን ፈለግሁ። አንድም ቀዳዳ አጣሁ። ከአከራዩ፣ ከአንድ ግሪክ ነጋዴ ጋር በኦሮምኛ ተከራከርን፤ እሱ ከእኔ ይሻል ነበር። ትንሽ ሲቀንስልኝ ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ሚስቴ ግን ግድግዳውን ታይ ነበር። ከጉልበት ከፍ ብሎ ክፍሉን የሚዞር የጭቃ መስመር ነበረበት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ከብት የታከከበት ነው።»

«ሁሉም ከብት ቁመቱ እኩል ነው እንዴ?»

ግሪኩ አማርኛ እንዳልገባው ሆኖ ቁልፉን ሰጠኝ።

ክረምት ገባ። ጣሪያው ጠብታ አላስገባም፤ እዚህ ላይ ሐሰት የለበትም። ውሃው የመጣው በበሩ ስር ነው። ባሮ ሞልቶ እስከዚያ መስመር ደረሰ። ቡናውን ከፍ ያለ ርብራብ ላይ ደርድሬው ስለነበር አልነካውም፤ አልጋችንን ግን አጥለቀለቀው። ውሃው ሲጎድል ትንኙን ትቶልን ሄደ፤ ከዚያ ንዳድ ያዛት። ትኩሳቱ ፋታ ሲሰጣት ትቀልድብኛለች።

«ቡናውን ያውርዱና እኔን እዚያ ላይ ያውጡኝ። ከደረቅሁ እኔም ዋጋ አወጣለሁ።»

ሳቅሁላት። ከዚያ ወደ ደጋ የሚያወጣት በቅሎ ፍለጋ ወጣሁ። መንገዱ ማጥ ነበር፤ ባለበቅሎ ሁሉ ዝናቡ ይብቃ ይለኛል። ጎረቤቶቻችን ሱዳኖች ደግ ሰዎች ናቸው፤ ኪኒን አመጡልን፣ አጠገቧ ተቀመጡ። ውሃው በየዓመቱ እንደሚገባ የነገሩኝም ያኔ ነው። አልጠየቅኸንም አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አንድም ሰው አልጠየቅሁም ነበር። በቅሎዋ ስትገኝ ሚስቴ ኮርቻ ላይ መቀመጥ አቅቷት ነበር፤ በዚያው አረፈች። ቅርብ የሚባለው ቄስ ቡሬ ስለነበር፣ ፍትሐቷ ከቀብሯ ብዙ ቆይቶ ነው የደረሰላት።

ዛሬ ወደ ሰው አገር የሚሻገሩ ነጋዴዎች፣ ጋሼ፣ ቤት ስንከራይ ምን እንይ ይሉኛል። ግድግዳውን ከታች ጀምራችሁ እዩት እላቸዋለሁ። በበጋ ካያችሁት ክረምቱን የሚያውቅ ጎረቤት ጠይቁ። ከናንተ በፊት የነበረው ለምን ለቀቀ? የታመመ ሰው በየት በኩል፣ በምን ይወጣል? ቄስስ አለ? ሚስታችሁ አንድ ነገር ካሳየቻችሁ ደግሞ ከብት ነው አትበሏት። ጣሪያውንማ ባልነግራችሁም ታዩታላችሁ።

ቡናው ሳይረጥብ በመርከብ ተጭኖ ሄደ፤ በደህና ዋጋ ተሸጠ። ቁልፉን ለግሪኩ መለስኩ። ሁለት ሆነን ወረድን፤ አንድ ሆኜ ተመለስኩ።