ያልታጠበው ሻርፕ

አላህ ይዘንላትና፣ አክስቴ መንሱራ እዚህ ዓረብ አገር ባለችን አንዲት ክፍል የሌላ ሰው ልጅ ያላሳደገችበት ዓመት አልነበረም። እናቶቹ ሰው ቤት እየሠሩ እዚያው የሚያድሩ ያገራችን ሴቶች ናቸው፤ አሠሪያቸው መዳም ደግሞ ከነልጅሽ ግቢ አትልም። አንዷ ልጇን ልትሰጣት ስትመጣ አክስቴ "ሻርፕሽን ሳታጥቢው ተዪልኝ" ትልና የራሷን አልብሳ ትሸኛታለች። ልጁ የእናቱን ጠረን አቅፎ እንዲተኛ ነው።

አንዴ እኔ የአንዲት ሕፃን እናት የተወችውን ሻርፕ ቆሽሿል ብዬ በሳሙና ፈትጌ አሰጣሁት። ልጅቷ ሦስት ቀን አልተኛም አለች። አክስቴ "እናቷን እኮ ነው አጥበሽ የደፋሽባት!" ብላ ጮኸችብኝ፤ ቆይታ ግን ራሷ ሳቀች።

ከቀብሯ በሳምንቱ አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች። የአክስቴን መሞት ስነግራት "ኸላስ፣ አለቀልኝ! እንግዲህ የት ልውሰደው?" ብላ ደጃፉ ላይ ዘፍ አለች። እኔ ብቻዬን ልጅ አሳድጌ አላውቅም፤ ፈራሁ። ግን አፌ ቀደመኝ፦

"እህቴ፣ ሻርፕሽን ሳታጥቢው ተዪልኝ።"

ይኸው ልጁ በአክስቴ ፍራሽ ላይ፣ የእናቱን ሻርፕ ጨብጦ ለጥ ብሏል። የአክስቴ ሻርፕ ደግሞ ትራሴ ሥር ነው። አላጠብኩትም።