ሻምበሉ ያልማለው መሐላ

ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ ጀማለዲንን በመልኩ የሚያውቀው ጥቂት ነበር፤ ድምፁን የማያውቅ ግን አልነበረም። በአቶ ሣህሉ ቪዲዮ ቤት በር ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የሚወጣው ያ ወፍራም፣ ትንሽ ሻካራ ድምፅ ገበያውን አቋርጦ እስከ ጋሪ ማቆሚያው ይሰማል። ፈረንጆቹ በእንግሊዝኛ ሲጯጯሁ እሱ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ማይክሮፎኑን በሁለት እጁ አቅፎ፣ አንዱን በአማርኛ ሌላውን በኦሮምኛ እያደረገ ያስተረጉማል። ሴት ስታለቅስ ድምፁን ያቀጥናል። ሰው ሲሞት ዝም ይላል። እሱ ዝም ሲል ውጭ ያሉት ጋሪ ነጂዎች፣ "ማን ሞተ?" እየተባባሉ ይጠያየቃሉ።

እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት አላገኘውም። ገና ጢሙ ሳይበቅል ከገበያ ታፍሶ ወታደር ሆነ። በ1983 ግንቦት ጦሩ ሲበተን ከአራት ጓደኞቹ ጋር ወደ ደቡብ ሸሸ። ሞያሌ ሳይደርሱ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በቅሎዬን አልሰጥም አላቸው። እጁ ላይ ዱላ እንኳ አልነበረም፤ ልጓሙን ብቻ ይዞ፣ "ማሎ፣ ልጆቼ፣ እባካችሁ" አለ። ጀማለዲን በጠመንጃው ሰደፍ ግንባሩን መታው። ሰውየው መጀመሪያ ቁጭ አለ፣ ከዚያ በጎኑ ተኛ፣ ከዚያ አልተነሣም። ኬንያ ስደተኞች ሰፈር ሦስት ዓመት ሲኖር ጀማለዲን እንግሊዝኛውን ለመደ፤ የገበሬውን ነገር ግን በየትኛውም ቋንቋ ለማንም አልተናገረም።

በ1994 አቶ ሣህሉ ከአዲስ አበባ አንድ ካርቶን ሲዲ ይዘው መጡ። ታሪኩ በከዋክብት መካከል ስለምትበር መርከብ ነበር። ተመልካቹ ስሙን መጥራት ስላልቻለ "መርከቧ" አለው። አዛዡን ደግሞ "ሻምበል" አሉት። ሻምበሉ ግንባሩ ሰፊ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ነበር፤ የቡና መጋዘን ተሸካሚዎች እንደ ዘመድ ወደዱት። በመጨረሻው ክፍል ሰውነቱ ተቃጥሎ ሲሞት አንዱ ጎልማሳ፣ "ወይኔ ወንድሜን!" ብሎ ጮኸ፤ የሳቀበት ሰው አልነበረም።

ከመሞቱ በፊት ሻምበሉ በዳኞች ፊት ቆሞ ረጅም ነገር ተናግሮ ነበር። የዚያን ቀን የሲዲው ድምፅ ይቆራረጥ ስለነበር ጀማለዲን ከአሥሩ ቃል ሁለቱን ብቻ ያዘ። ቤቱ ጭጭ ብሎ ይጠብቀዋል። የጀማለዲን አፍ በራሱ ተከፈተ።

"እጁ ባዶ የሆነ ሰው ላይ እጄን አንሥቼ አላውቅም" አለ በሻምበሉ ድምፅ። "ሕፃን ላይ፣ ሴት ላይ፣ የሚለምነኝ ሰው ላይ እጄን አላነሣም። ይህን ቃል ብበላ እናቴ ያጠባችኝ ጡት ይፍረድብኝ።"

ሻምበሉ ያን አላለም። ቃሉ የጀማለዲን የራሱ ነበር፤ ከየት እንደመጣበትም እሱ ያውቃል።

ኋላ ካሉት አግዳሚዎች ሸኩር ተነሥቶ ቆመ። ሸኩር ኩንታል ቡና በአንገቱ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነው። በዱላ የሰበረው ክንድ ሁለት ነው፤ ሚስቱን ሳቢሃን ሲመታ ጎረቤት በግድግዳው መንቀጥቀጥ ያውቃል። እሷም ገበያ ስትወጣ ሻሿን እስከ ጉንጯ ስባ ነው የምትሄደው። ሸኩር ፊልሙ እስኪያልቅ እንደቆመ ቀረ። "ዐየህ ወንድ?" አለ ጎኑ ላለው። "ወላሂ፣ ወንድ ማለት ይሄ ነው።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው የማያምነው ነገር ሆነ። መጋዘን ውስጥ ሲሰድቡት ሸኩር ጡጫውን ጨብጦ ጨብጦ ይተወዋል። "እጁ ባዶ ነው፤ ምን ላድርገው?" ይላል። ሳቢሃ ሻሿን ወደ ኋላ መልሳ ማሰር ጀመረች። አንድ ቀን ጀማለዲንን መንገድ ላይ አገኘችውና፣ "አላህ ምላስህን ያቆይልኝ" ብላው አለፈች። ጉንጯ ላይ የቀረ አሮጌ ጠባሳ እንጂ አዲስ አልነበረም። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ።

በ1996 መጋቢት አቶ ሣህሉ አዲስ ካርቶን ይዘው መጡ። "መርከቧ ተመለሰች" የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጠፉ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሻምበሉ ጠጉሩ ጥቁር ሆኖ፣ ፊቱ ሳይሸበሸብ፣ ተራ ወታደር ሆኖ ብቅ ሲል ቤቱ ተናወጠ።

"እንዴ! ሞቶ አልነበር እንዴ?"

"ቀብረነው! እኔ ራሴ አልቅሻለሁ!"

"ሣህሉ ሲዲውን ገልብጠው ከፍተውት ነው።"

"ይሄ ልጁ ነው። አፍንጫውን አታዩም?"

"ልጅ የለውም፤ ሚስቱ መካን ነበረች።"

ኤልያስ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከፊት ተነሣ። መነጽር ያደረገ፣ ቀጭን፣ ሁሉን ካላስረዳሁ የሚል ልጅ ነው። "ወገን፣ ስሙኝማ! ይሄ ከመጀመሪያው ታሪክ በፊት የሆነው ነው። ሠሪዎቹ መጨረሻውን አስቀድመው፣ መጀመሪያውን ኋላ ሠሩት።"

"ማነው መጨረሻውን አስቀድሞ የሚሠራ? ቤት ከጣራው ይጀመራል?" አለው አንዱ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

"የድሮው ይሻላል" አሉ አንድ ሽማግሌ። "የአሁኗ መርከብ ቀድማ የነበረች ናት ይላሉ፤ ግን ከድሮዋ በልጣ ታበራለች። አያት ከልጅ ልጇ እንዴት ታምራለች?"

ሸኩር ብቻ አልሳቀም። "ዝም በሉ" አለ። "ሻምበል ሻምበል ነው። ወጣትነቱንም እንይለት።"

ጀማለዲን በሦስተኛው ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰው ሳይገባ፣ የዕለቱን ሲዲ ብቻውን ዐየው። መሐል ላይ ወጣቱ ሻምበል አንድ የተቃጠለ መንደር ገባ። አንድ ሰው ተንበርክኮ ሁለት እጁን ዘርግቷል። ሻምበሉ ደረቱን መትቶ ጣለው፤ ከዚያ ጭንቅላቱን በጫማው ረገጠው፣ ደጋግሞ፣ እስኪበቃው። ጀማለዲን ሲዲውን አውጥቶ ወደ አቶ ሣህሉ ሄደ።

"ጋሼ ሣህሉ፣ ይሄን አናሳይ" አላቸው።

"ምነው? ከሁሉ የሚያምረው ክፍል እሱ አይደል?"

"ሸኩር ይገባል።"

"ይግባ! ደንበኛዬ ነው።" ነገሩ አልገባቸውም፤ እሱም ሊያስረዳ አልቻለም። ለማስረዳት ስለ መሐላው መናገር ነበረበት፤ ስለ መሐላው ከተናገረ ደግሞ ስለ ገበሬው።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጢም አለ። ሸኩር ከመጋዘን ጓደኞቹ ጋር መሐል አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። የተቃጠለው መንደር መጣ። ሰውየው ተንበረከከ። ጀማለዲን ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ።

"ጉያው ውስጥ ቦምብ ደብቋል!" አለ በችኮላ። "ሻምበል፣ ተጠንቀቅ! ሊያፈነዳብህ ነው!"

"አላለም!" ብሎ ኤልያስ ዘሎ ተነሣ። "አላለም እኮ! ምንም የለኝም፣ ማረኝ ነው የሚለው! ለምን ትዋሻለህ?"

በዚያች ቅጽበት ጫማው ሰውየው ፊት ላይ ዐረፈ። ሴቶቹ ዓይናቸውን ሸፈኑ።

"ሶባ! ውሸት ነው!" ሸኩር ጮኸ። "ይሄ ሻምበል አይደለም! የጠላት ሰው ነው፣ መልኩን ሰርቆ ነው!"

"ራሱ ነው፣ ወንድሜ። ድሮ ነፍሰ ገዳይ ነበር፤ የታሪኩ ቁም ነገርም እሱ ነው..."

ኤልያስ ነገሩን አልጨረሰም። ሸኩር ሁለት አግዳሚ ተራምዶ ደረሰና በጥፊ መታው። መነጽሩ ተስፈንጥሮ ጠፋ። በሁለተኛው ጡጫ የልጁ አፍንጫ ተሰብሮ ደሙ ሸሚዙን አለበሰው። አንዱ ተማሪ ለጓደኛው ሊደርስ ቢል ተሸካሚዎቹ ያዙት፤ አግዳሚው ተገለበጠ፤ ሰው በሰው ላይ ወደቀ። በሩ ጠባብ ስለነበር የሚወጣውና የሚገባው ተያይዞ ቆርቆሮው ተገነጠለ። ሸኩር ከተሰበረው አግዳሚ አንዱን እግር ነቅሎ ኤልያስ ራስጌ ቆመ። ልጁ መሬት ላይ በጀርባው ተኝቶ ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቷል።

"ማሎ" አለ ልጁ፤ የጅማ ልጅ ነውና። "እባክህ።"

ጀማለዲን ማይክሮፎኑን አፉ ላይ ለጠፈው።

"ሸኩር! መሐላው የኔ ነው!"

ድምፁ ቤቱን ሞልቶ ወደ ገበያው ወጣ። ዱላው አየር ላይ ቆመ።

"ሻምበሉ አልማለም። ምን እንዳለ አልሰማሁትም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እጁ ባዶ የነበረ ሽማግሌ በሰደፍ መትቼ ገድያለሁ፤ በቅሎውን ልወስድበት። ከዚያ ወዲህ በሰው ላይ እጄን አላነሣሁም። ቃሉ የኔ ነው። ልጁን ተወው።"

ሸኩር ዞረ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ጀማለዲን በኋላ ሲያስበው ያ ነው የሚያስፈራው። አልቃሽ ሕፃን ይመስል ነበር። እየተራመደ መጥቶ በአግዳሚው እግር መንጋጋውን መታው። ጀማለዲን አጥንቱ ሲሰበር በራሱ ጆሮ ሰማ። ሁለተኛው ጎኑ ላይ፣ ሦስተኛው ትከሻው ላይ ዐረፈ። እጁን ለመከላከል እንኳ አላነሣም። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ ወደቀ፤ መስታወቱ ፈነዳ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አያስታውስም። በጋሪ ጭነው ጤና ጣቢያ አደረሱት።

በማግስቱ ሳቢሃ መጣች። ሻሿ እስከ ጉንጯ ወርዷል፤ በብብቷ ትንሽ ጓዝ ይዛለች። ጀማለዲን ጉንጯን ለማየት አንገቱን አቀና።

"አልመታኝም" አለችው። "ገና ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ እጁን ሲያይ ነው ያደረው። እኔም እሱን ሳይ።" ከአልጋው አጠገብ ቆመች፤ አልተቀመጠችም። "ምን አስቸኮለህ? ውሸት ከሆነስ ምን ነበረበት? እኔ እኮ በዚያ ውሸት ላይ ሁለት ዓመት እንቅልፍ ተኝቻለሁ!"

መንጋጋው ታስሯል። "ልጁን... ሊገድለው..." አለ በጥርሱ መሐል።

"ዐውቃለሁ። የሰው ልጅ ነው፣ ይዳን። ግን እኔንም አስበኝ።" እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። "አጋሮ፣ ወንድሜ ሱሌይማን ዘንድ እሄዳለሁ።"

ዞር ስትል ሸኩር በሩ ላይ ቆሟል። በሩ በትከሻው ተዘግቷል።

"የት ነው?" አላት።

"ልለፍ።"

"የት ነው አልኩሽ!" ክንዱ ተነሣ። ጀማለዲን ለመነሣት ሲታገል ጎኑ እንደ ስለት ወጋው፤ መጮኽም አልቻለም። ሳቢሃ ፊቷን አልሸፈነችም። ጓዟን ወደ መሬት አኖረችና ሁለት እጇን ባዶ አድርጋ ቆመች።

ክንዱ እንደተነሣ ቆየ። ከዚያ በቡጢ የበሩን መቃን መታ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ የጣቶቹ ቆዳ ተልጦ እንጨቱ እስኪቀላ። ከዚያ ወደ ጎን ዞረላት። እሷም ጓዟን አንሥታ አለፈች።

"ሽማግሌ ይዘህ ና" አለችው ከኮሪደሩ ሆና። "የፈረንጅ ቃል አታምጣልኝ። በራስህ አፍ ማል።"

ሸኩር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የሰበረውን ሰው ማየት አልቻለም።

"አንተ ቃሉን ስንት ዓመት ጠበቅኸው?" አለ።

ጀማለዲን ጣቶቹን ዘረጋ፤ አሥር። ከዚያ ሦስት ጨመረ።

"ማንም ሳያስምልህ?"

ጀማለዲን በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

የኤልያስ ቤተሰብ እርቅ የተቀበለው ከብዙ ልመና በኋላ ነው፤ ሸኩርም ጉልበታቸው ሥር ወድቆ ነው። ከወር በኋላ ሸኩር አንድ የመስጊድ ሽማግሌና ጀማለዲንን ይዞ አጋሮ ሄደ። የሱሌይማን ደጅ ላይ ቆመ። ሳቢሃ በሩን በግማሽ ከፍታ፣ ከውስጥ ሆና ሰማችው። ሸኩር ፈተና ፊት እንደቆመ ጎረምሳ ተንተባተበ። ስለ ሻምበል አንድም አላነሣም። የመታትን ጊዜ፣ የቻለውን ያህል፣ አንድ በአንድ ተናገረ፤ ክንዷን፣ ጥርሷን፣ በስድስተኛ ወሯ የጨነገፈባትን። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ማለ።

ሳቢሃ ዝም ብላ ቆየች። ጀማለዲን ያን ዝምታ በቃል ለመሙላት አፉ ሲከፈት ተሰማው፤ መልሶ ዘጋው።

"ሰማሁ" አለች። "አሁን ደግሞ ልይ። ሂድና ኑር። ዓመት ሲሞላ ና።"

በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ሦስቱ ወንዶች ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ወረዱ፤ ሸኩር እጆቹን ከኋላው አጣምሮ፣ ከፊት ከፊት እየሄደ።