ከታንኳው የወረደችው

የበደለችኝ አኬሎ ናት፤ ጊዜውም ክልላችን ገና በተቋቋመበት ዘመን፣ የባሮ ወንዝ የሞላበት ክረምት ነው። ስሟን የማነሳው ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ለወጣቶች ስለ ጓደኝነት ስለመሰከረች ነው። «በኢታንግ ጉዞ ከእህቴ ጎን አልተለየሁም» አለች፣ በእጇ ወደ እኔ እያመለከተች። ሰው አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም።

ያኔ ሁለታችንም መዘምራን ነበርን። ኢታንግ ለሚደረግ ጉባኤ ተጠርተን፣ መንገዱን ጭቃ ስለዋጠው በታንኳ ወረድን። መዝሙሩን የምመራው እኔ ነበርኩ። አኬሎ በልምምድ ጊዜ «ብትሞቺ እንኳ አብሬሽ ነኝ» ትለኝ ነበር። ውኃው ደፍርሶ ይጋልባል፤ ግንድ ከነቅጠሉ ያልፈናል። እኛ እንዘምራለን፤ ቀዛፊው በዜማችን ይቀዝፋል። የተጠበሰ በቆሎ እየተቀባበልን፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወባዬ የተነሳብኝ ያኔ ነው።

ባሮን የሚያውቅ ሰው ታንኳ ላይ አይነቃነቅም። ታንኳዋ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ናት፤ አንዱ ከተንቀጠቀጠ ሁሉም ይሰምጣል። ቀዛፊው አንድ የአኝዋክ መንደር ዳር አስጠጋ።

«ይቺ ልጅ ትውረድ፤ አንድ ሰውም አብሯት ይቅር» አለ።

አኬሎን አየኋት። እሷ ውኃውን አየች።

«እሷ ስትቀር እኔም ከወረድኩ መዝሙሩን ማን ይመራል?» አለች።

የወረደችው ኛቦል ናት። ኑዌር ናት፤ ማኅበራችን ውስጥ ከገባች ብዙም አልቆየች። የምንግባባው በአማርኛ ነው፣ ያውም በተሰባበረ። እውነቱን ለመናገር አልወዳትም ነበር። በዚያ ሰሞን ደግሞ የእሷና የእኔ ወገን፣ ኑዌርና አኝዋክ፣ በዓይነ ቁራኛ ይተያዩ ነበር።

«አንቺ እዚህ መንደር ትገቢያለሽ?» አላት ቀዛፊው።

«እሷ ትገባ የለ? እኔም የእሷ ነኝ።»

መንደርተኞቹ መጀመሪያ ፊት ነሷት። ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ ውኃ ስታጠጣኝ ሲያዩ ግን ዓሳና ገንፎውን ለሁለታችን በአንድ ሳህን አቀረቡልን። በማግስቱ ትኩሳቴ በረድ ሲል አንድ ዓሳ አጥማጅ እንዲወስደን ለመነች።

«እንደገና ቢያንቀጠቅጣትስ?» አላት።

ኛቦል ታንኳው ውስጥ ከኋላዬ ተቀመጠች። በጉልበቶቿ መሀል አስገባችኝና ትከሻዋ ላይ የቋጠረችውን ጨርቅ ፈትታ ወገባችንን አንድ ላይ አሰረችው።

«አሁን አንድ ሰው ነን። ደግሞ እኔ ከባድ ነኝ፣ ማንም አይነቀንቀኝም።»

ሰውዬው ሳቀና ታንኳዋን ገፋ አደረጋት።

የወባው ብርድ መጣ። ስንቀጠቀጥ ትጨምቀኛለች፤ ታንኳዋ ትዘማለች፣ ትስተካከላለች። ኢታንግ ዳር ስንደርስ ከበሮ ሰማን፤ ኛቦል ጨርቁን ፈትታ እጄን ይዛ ሮጠች። አኬሎ ፊት ቆማ የእኔን ስንኝ እየመራች ነበር። የጉባኤው በር ላይ ሆኜ ተቀበልኳት። ድምፄ ተሰነጣጥቋል፤ ግን ወጣ። ጉባኤው ሁሉ ዞረ፤ አኬሎ መዝሙሩን አቋረጠች። ኛቦል መዝሙሩን በቅጡ ሳታውቀው ከሁላችን በላይ ጮኻ ዘመረች።

አብሮ የሚዘምር ሰው በሽ ነው። ጓደኛ የምለው የወረደልኝን ነው። አኬሎ ይቅርታ ጠይቃኝ አታውቅም፤ ይባስ ብላ የኛቦልን ታሪክ ለራሷ ወሰደች።

ከኢታንግ ስመለስ አኬሎን ማነጋገር አቆምኩ፤ ሠርጓም አልሄድኩም። ኛቦል አግብታ ከድንበሩ ማዶ ኖረች። እዚያ ጦርነት ሲነሳ ልጆቿን ይዛ ወደዚህ ተሻግራ ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ መግባቷን ሰማሁና በነጋታው ሄድኩ። ሁለቱን ትልልቅ ልጆቿን ቤቴ አምጥቼ አስተማርኩ።